ገንዳ ይዤ ወደ መካነ ሰላም

መካነ ሰላም ሰው ለመዝናናት የሚሄድባት ከተማ አይደለችም። እኔም ለመዝናናት አልሄድኩም፤ ሻንጣዬን ከፍቶ ያየ ግን እንደዚያ ሊመስለው ይችል ነበር። ውስጡ በአየር የሚነፋ የልጆች መዋኛ ገንዳ፣ ጆሮና ማጅራት የሚሸፍን የፀሐይ ባርኔጣ፣ የቆዳ ክሬም፣ ትንንሽ ባልዲና ብሩሽ ነበረበት። ባለቤቴ ደመላሽ ሻንጣውን ሲያነሳ «ባሕር ልንዋኝ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። እኔ አልሳቅኩም። ያንን ገንዳ ከአረብ አገር ስመለስ ሚዛን እንዳያልፍብኝ የራሴን ልብስ ቀንሼ ነው ያመጣሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄን ምትኬን ጡት እንኳ ሳይጥል ለእናቴ ትቼ አረብ አገር ሄድኩ። ስሙን ያወጣችለት እናቴ ናት፤ «አንቺ ብትሄጂ ምትክሽ አለኝ» ብላ። እዚያ የገባሁበት ቤት ደግሞ ፋሪስ የሚባል የምትኬ እኩያ ነበር። አራስ ሆኖ ተቀበልኩት፤ ዳዴ ሲል፣ ቆሞ ሲሄድ፣ አፉን ሲፈታ፣ ሁሉንም በዓይኔ አየሁ። ሴትዮዋ ደግ ነበረች፣ የማማትበት ነገር የለኝም። ዘንድሮ ኮንትራቴ አልቆ ስመለስ ደመላሽ አዲስ አበባ ላይ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቶ ጠበቀኝ። የልስን ሠራተኛ ስለሆነ ግድግዳውን ራሱ አሳምሮታል። የልጅ አልጋም አስገባን። የቀረው ባለ አልጋውን ማምጣት ብቻ ነበር። ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባና መንገድ ተከፍቷል የሚለው ወሬ ሳይቀየር፣ ለአንድ ሳምንት ብለን ተነሳን።

ምትኬ ድምፄን ያውቃል፤ ፊቴን አያውቅም። የእናቴ ስልክ ያቺ ቁልፏ የምትጫን ትንሿ ስልክ ናት፣ ምስል አታሳይም። እሁድ እሁድ እደውላለሁ፤ እሱም «እማ» ብሎ ስለ በጉ፣ ስለ ጥጃው ያወራኛል። ደመላሽ መንገድ በተከፈተ ቁጥር ብቅ እያለ ስለሚያየው እሱን ይለየዋል። እኔን ሲያየኝ ምን እንደሚል ግን አስቤው አላውቅም ነበር። ድምፄን ካወቀ ሌላው ቀላል መስሎኝ ነበር።

ደግሞስ በሙቀት ሕፃን ማዋል ሥራዬ አይደል? እዚያ አገር በበጋው ፀሐይ ከወጣች በኋላ በር አይከፈትም። ፋሪስን ጎህ ሲቀድ ሰገነት ላይ ገንዳ ውስጥ አስገባዋለሁ። ሙቀቱ ሲበረታ ወደ ቤት እንገባና ውሃ ከኩባያ ወደ ኩባያ እንገለብጣለን፣ በረዶ ውስጥ የደበቅሁለትን መጫወቻ አቅልጠን እናወጣለን፣ ግድግዳውን በውሃ ብሩሽ «እንቀባለን»። ከዚያ ዕረፍት፣ ከዚያ እንቅልፍ። ከባዕድ አገር ያመጣሁት ሙያ ይኸው ነው። የራሴን ልጅ አንድ ሳምንት እንዲህ ባውለው ይወደኛል፣ ከወደደኝ ደግሞ ተከትሎኝ ይመጣል አልኩ። ዕቅዴ በሙሉ ይህ ነበር።

ሐሙስ ማለዳ ከአዲስ አበባ ስንወጣ ብርድ ነበር። ዓለም ከተማን አልፈን ወደ ወንጭት ሸለቆ ማሽቆልቆል ስንጀምር ግን ሰው ሁሉ ጃኬቱንና ጋቢውን ከላዩ መግፈፍ ያዘ። ቆላው ይፋጃል። እኔ የነበርኩበት አገር ሙቀት ከዚህ ይብሳል፤ እዚያ ግን ሙቀቱን በመስታወት ውስጥ ሆነን እናየዋለን እንጂ አብረነው አንጓዝም። የአገራችን አውቶቡስ መስኮት ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። አንዱ ልክፈት ሲል ሌላው ንፋስ ይመታኛል ይላል፤ ንፋስ ይመታኛል ያለው ሁልጊዜም ይረታል።

ከኋላችን የተቀመጠች ሴት ጨቅላዋን በሹራብ ላይ ጋቢ፣ በጋቢ ላይ ፎጣ ደራርባ ጠቅልላዋለች። የልጁ ፊት በርበሬ መስሏል። ሙያዬ አላስቀምጥ አለኝ። ዞር ብዬ ልብሱን እንድታቀልለት፣ ጨርቅ አርጥባ ማጅራቱን እንድትጠርግለት፣ ቶሎ ቶሎም እንድታጠባው ነገርኳት። በትህትና ሰማችኝና ፎጣውን ብቻ አነሳችለት። ከዚያ ስንት ልጅ እንዳለኝ ጠየቀችኝ። አንድ አልኳት። የት እንዳለ ስትጠይቀኝ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ልናመጣው እየሄድን ነው ብሎ ደመላሽ መለሰልኝ። እሷም ሙዝ አካፈለችን።

ደጎሎ ስንደርስ ሰውነታችን አቧራና ላብ ነው። ማደሪያ ገብተን ሻንጣውን ስከፍት የክሬሙ ክዳን በሙቀቱ ተከፍቶ ልብሳችንን ሁሉ ለውሶታል። የደመላሽ ሱሪ፣ ለእናቴ የገዛሁት ቀሚስ፣ ሁሉም የፈረንጅ ሽታ ሸተተ። የማደሪያው ባለቤት ጠና ያሉ ሴትዮ ናቸው። ይህን ሲያዩ ልብሱን ከእጄ ነጠቁና ከጓሮ ወስደው በእንዶድ አጠቡት። በአዲስ አበባ ጎረቤቴ እንኳ ባልዲ አውሺኝ ስላት ፊቷን ታጠቁራለች። እራት ያቀረቡልን የገብስ ቂጣና እርጎ ነበር፤ ለልጁ ስንቅ ብለውም በሶ በላስቲክ ቋጠሩልኝ። ለምን እንደምንሄድ ስነግራቸው ምክር ጨመሩበት።

«ስታዪው አትሩጪበት ልጄ። ልጅ ዶሮ ነው፣ ሲሮጡበት ይሸሻል። ዝም ብለሽ ተቀመጪ፣ ራሱ ይመጣል።»

እሺ አልኳቸው። ከልቤም ነበር እሺ ያልኩት።

ዓርብ በሚኒባስ ወረኢሉ ገባን። ከዚያ ሌላ መኪና ይዘን በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም አቀናን። አገሩ ታርሶ ዘር ይጠብቃል፤ ከቀይ አፈርና ከነፋስ በስተቀር የሚታይ ነገር የለም። የዚህ ደጋ ግንቦት ግራ ያጋባል። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፣ ጥላ ሥር ሲገቡ ግን ያንቀጠቅጣል። የተቀመጥኩት በፀሐይ በኩል ስለነበር ግማሽ ፊቴ ተቃጥሎ፣ ግማሹ በርዶት ደረስኩ። በየኬላው ስንወርድና ስንፈተሽ ገንዳው ከሻንጣው ይወጣል፣ ፈታሹ ይገለብጠዋል፣ ምን እንደሆነ ይጠይቀኛል። የልጅ መታጠቢያ ነው ስል ሁሉም አንድ ዓይነት ሳቅ ይስቃሉ።

የእናቴ ቤት ከከተማዋ ጠርዝ ነው። ባጃጁ ሲቆም እናቴ ደጃፍ ላይ ገብስ ታበጥራለች፣ ምትኬ ከአጠገቧ ተንበርክኮ ገለባውን ይበትናል። አድጓል። አንገቱ የአባቴን አንገት ይመስላል። የደጎሎዋ ሴትዮ ምክር ከአእምሮዬ ጠፋ። እጄን ዘርግቼ እየጮህኩ ሮጥኩበት፤ እሱም ብድግ ብሎ የበጎቹ በረት ውስጥ ገባ።

እናቴ አንገቴን አንቃ ከሳመችኝ በኋላ ጠራችው። «ምትኬ፣ ና ውጣ። እማ መጣች።»

ብቅ አለ። ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። ከዚያ እናቴ በጨርቅ ቦርሳ አድርጋ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለቻትን ስልክ አየ።

«አይደለችም» አለ። ጣቱንም ወደ ስልኳ ቀሰረ። «እማ እዚች ውስጥ ናት።»

ሁላችንም ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ። እናቴ ግን «እንግዲያ ይቺ ማናት?» ስትለው ሳይጨነቅ «እንግዳ» አላት። ሳምንቱን ሙሉ ስሜ እንግዳ ሆኖ ቀረ። እናቴን እቴቴ፣ ደመላሽን አባ ይላል፤ እኔ እንግዳ ነኝ።

ቅዳሜ ገንዳውን አወጣሁ። በአፌ ስነፋው ከተማ ደርሶ የመጣ ሁሉ አጥር ላይ ተሰበሰበ። ሰማያዊ ነው፣ ዓሣ ተስሎበታል። ሲሞላ ግቢው ውስጥ ከእናቴ በረት ቀጥሎ ትልቁ ነገር እሱ ነበር። ጥግ ላይ የተደረደሩትን ጀሪካኖች አንስቼ ገለበጥኩበት። እናቴ እያየችኝ ነበር፣ ምንም አላለችም። ለምን ዝም እንዳለች የገባኝ ጎረቤታችን እትዬ ከድጃ ከአጥር ማዶ ስትናገር ነው።

«ማሻ አላህ! የሚጠጣ በጠፋበት የላስቲክ ዓሣ ታጠጣላችሁ?»

ለካ ቧንቧው ከደረቀ ሰንብቷል። ያ ውሃ እናቴ ከምንጭ በአህያ ያስመጣችው የሳምንቱ ውሃ ነበር። እዚያ አገር በረሃ ላይ ሆኜ ቧንቧ ስከፍት አንድም ቀን ውሃ ያልቃል ብዬ አስቤ አላውቅም፤ የዓባይ ገባሮች የሚነሱበት አገር ተወልጄ ያደግሁት እኔ ይህን መርሳቴ ይገርመኛል። ልመልሰው ብል ውሃው ላስቲክ ላስቲክ ሸቷል። እትዬ ከድጃ ፊቴን አይታ መሰለኝ ሳቋን ተወችና የራሷን አንድ ጀሪካን ይዛ መጣች። «አብሽሪ፣ ከእንግዲህ ፈሷል። ልጁ ይጫወትበት» አለች።

ልጁ ግን አልተጫወተበትም። ዓሣዎቹን ፈራቸው። አንስቼ ሳስገባው ውሃው ቀዝቃዛ ነው፤ የመካነ ሰላም ፀሐይ አናት ትበሳለች እንጂ ውሃ አታሞቅም። ከንፈሩ ጠቆረ፣ እያለቀሰ እቴቴን ጠራ። እናቴ ጋቢዋን ይዛ መጥታ ከእጄ ወሰደችውና በጡቷ መሃል ሸጎጠችው። ባርኔጣውን ላደርግለት ስል በእጁ መታኝ። ከሰዓት በኋላ ጥጃው መጥቶ ከገንዳው ጠጣ፣ ጠጥቶም አልጠገበም። በዚያ ሳምንት በሙያዬ የተደሰተ ያ ጥጃ ብቻ ነው።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ምትኬ በሩ ደፍ ላይ ቁጭ ብሎ ስልኳን በሁለት እጁ ያዘ። ማንም የነገረው የለም፤ ቀኑን በምን እንደሚያውቅ እንጃ። እሁድ እማ የምትደውልበት ቀን ነው። ምሳ ቀረበ፣ አልበላም አለ። እኔ ከፊቱ ተቀምጬ ከዓይኑ ሥር ከደጎሎ ያመጣሁትን በሶ እበጠብጣለሁ። «እማ እኮ እኔ ነኝ፣ እንነጋገር» አልኩት። ስልኳን እንዳልነካበት ጀርባውን ሰጠኝ። ቆይቶ አገጩ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ደመላሽ ዓይኔን አየ። ተነስቼ ከቤቱ ጀርባ ወደ ጭድ ክምሩ ሄድኩና ደወልኩ።

«እማ!» አለ። ድምፁ ከግድግዳው ማዶም፣ ከስልኩም ይመጣ ነበር። ለምን እንደቆየሁ ጠየቀኝ። እንግዳ እንደመጣ፣ ትልቅ ሰማያዊ ሳፋ እንዳላት፣ ብርድ ውስጥ እንደነከረችው ነገረኝ። ጥጃው እንደጠጣላትም ነገረኝ። እንግዳዋ ጥሩ ናት ወይ ብዬ ልጠይቀው ፈልጌ ፈራሁ። ዘግቼ ስመለስ በሶውን እየበላ ነበር። እኔን ሲያየኝ ፊቱ ላይ ምንም አልተለወጠም። እዚያ ደፍ ላይ ቆሜ በራሴ ድምፅ ቀናሁ። ሰው በገዛ ድምፁ ይቀናል ቢሉኝ አላምንም ነበር።

ሰኞ ሙቀቱ ሲበረታ ውሃ ወዳለበት እንሂድ አልኩ፤ ውሃ ወደ እኛ ካልመጣ እኛ እንሂድ። ከከተማዋ በታች ወንዝ አለ፣ በግንቦት ይደርቅና እዚህም እዚያም ኩሬ ይተዋል። እናቴ የሚታጠብ ልብስ አህያ ላይ ጫነች፣ ምትኬን ደመላሽ ትከሻው ላይ አስቀመጠው። ወደ ታች በወረድን ቁጥር አየሩ ይሞቃል፤ ቆላው ከሥራችን ይጋገራል። ጥላ ያለው ዋርካ አገኘን፣ ቆሎና ዳቦ በላን። ብሩሹን አውጥቼ ድንጋይ በውሃ መቀባት አሳየሁት፤ ይህን ወደደው። ቀብቶ ሳይጨርስ ፀሐይዋ ታደርቀዋለች፣ እሱም እየሳቀ ይደግመዋል። ከዚያ አገር ካመጣሁት ሁሉ አንድ ነገር ሠራ። ከጎኑ ተቀምጬ ጉልበቴ ጉልበቱን ሲነካው አልሸሸም። ደስ አለኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ይሆናል አልኩ።

እናቴ ልታጥብ፣ እኔ የታጠበውን ላሰጣ ስንዞር ብሩሹ ከእጁ አምልጦ ወደ ጥልቁ ኩሬ ተንሸራተተ። እሱም ተከተለው። ጠርዙ ላይ ሲደርስ አየሁትና በሙሉ ድምፄ ጮህኩ።

«ፋሪስ! ፋሪስ!»

አልቆመም፤ ለምን ይቆማል? ደመላሽ ዘሎ ውሃው የልጁ ጉልበት ጋ ሲደርስ ከብብቱ ሥር አነሳው። ምንም አልሆነም። ልብሱ ራሰ፣ በቃ። ግን ሁሉም ሰምተዋል። የእናቴ እጅ ሳሙናው ላይ ቆመ።

«ማነው ፋሪስ?» አለች፤ ወዲያው ግን ራሷ መለሰችው። «በስልኩ ውስጥ ስትጠሪው እሰማ ነበር። ከምትኬ ጋ እያወራሽ እሱን ትጠሪ ነበር።»

ሦስት ዓመት ሙሉ «ና፣ ቁም፣ ተው፣ ትወድቃለህ» ስል ከዚያ ስም ጋር ነው ያልኩት። ምላሴ እናትነትን የተማረው በፋሪስ ስም ነው። ምትኬን ግን ስሙ አስቆት ነበር። ከአባቱ ክንድ ላይ ሆኖ አየኝና፣ ከመጣሁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኔ ተጣርቶ «ድገሚ» አለኝ።

ማክሰኞና ረቡዕ ይህ ጨዋታ ሆነ። ሮጦ አጥሩ ጋ ይሄድና ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል። «ምትኬ» ስለው አይዞርም። «ፋሪስ» ስለው እየተንከተከተ መጥቶ እቅፌ ውስጥ ይወድቃል። ደግሞ ይሮጣል፣ ደግሞ ይጠብቀኛል። ፀሐዩ እስኪያቃጥለን በዚህ ዋልን። እቅፌ ውስጥ ሲወድቅ የአንገቱን ላብ አሸታለሁ፤ ገብስና በግ ይሸታል። የልጄን ጠረን ያወቅሁት በዚያ ጨዋታ ነው። ደስታዬን ልናገር አልችልም፤ የጠላሁት ደስታም ያ ብቻ ነው።

እናቴ ሁለቱን ቀን ስታየን ቆይታ ረቡዕ ማታ ተናገረች። «ዘነብ፣ በሰው ልጅ ስም ከሚመጣልሽ በራሱ ስም እምቢ ቢልሽ ይሻላል።»

ደመላሽ ግን «ይልመዳት እንጂ እትዬ፣ ስም ምን ያደርጋል» አላት። የሥራው ቀን ደርሷል፣ መንገዱ ከነገ በኋላ ይዘጋል የሚል ወሬ ደግሞ ከገበያ መጥቷል። እኔም በደመላሽ በኩል ሆንኩ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባላል፤ የሚያታልል ሰው ግን ራሱን እንደ አታላይ አያየውም። ለልጄ ብዬ ነው እያልኩ የልብሱን ቋጠሮ አሰርኩ። እናቴ በሶውን፣ ሹራቡን፣ የወደደውን ብሩሽ ጨመረችበት። «ልጅሽ ነው» አለች። «የእኔ ምትክ ደግሞ እግዜር ያውቃል።»

ሐሙስ ጠዋት መናኸሪያ ሄድን። ወደ ደሴ የሚሄደው አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቷል። እኔ ቀድሜ ገብቼ በሩ ላይ ቆምኩና «ፋሪስ!» አልኩ። ምትኬ የእናቴን እጅ ለቆ እየሳቀ ደረጃውን ወጣ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀለት። መስኮቱ ጋ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት፣ ደመላሽ ከጎኔ ተቀመጠ። በሩ ተዘጋ። አውቶቡሱ ሲነቃነቅ ምትኬ ወደ ውጭ አየ፤ እቴቴ ከታች ቆማለች፣ እየራቀች ነው።

ልጅ ሲያለቅስ ብዙ ሰምቻለሁ፤ ደመወዝ የተከፈለኝ እሱን ለማባበል ነው። ይህኛው ግን የሚባበል አልነበረም። ከመስታወቱ ጋር ተላተመ፣ እጄን ነከሰ፣ ትንፋሹ ተቆራረጠ። «ፋሪስ፣ ፋሪስ» እላለሁ፤ ከዚያ ሌላ አልመጣልኝም። ከፊታችን የተቀመጡ ሽማግሌ ዞሩ።

«የኔ ጌታ፣ ስምህ ማነው?» አሉት።

«ምትኬ» አለ በለቅሶው መሃል።

ሽማግሌው አንገቴ ላይ ያለውን መስቀል አዩ፣ ልጁን አዩ። «አንቺ ፋሪስ ትይዋለሽ፣ እሱ ምትኬ ነኝ ይላል» አሉኝ። ወደ እሱም ተመልሰው ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቁት። «ይቺ እናትህ ናት?»

«አይደለችም። እማ ስልክ ውስጥ ናት።»

አውቶቡሱ ውስጥ ድምፅ ጠፋ፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ ተነሳ። አቁም አሉት ሹፌሩን፤ ቆመ። አንዷ ሴት ልጁን ከእጄ ልትወስድ እጇን ሰደደች። ደመላሽ መታወቂያውን አውጥቶ ሲያሳይ ልጁ እዚያ ላይ የለም፤ አባቱ ነኝ ሲል ልጁም በለቅሶው መሃል ዞር ብሎ አላየው፣ ማን ሰምቶት። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ማለት እንዲህ ያለ ቀን ነው። አልተቆጣሁባቸውም። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን አቁም እል ነበር። ለሰው ልጅ እንዲህ የሚቆም አገር ነው ያሳደገኝ፤ ያን ቀን ግን የቆመው በእኔ ላይ ነው።

እናቴ ነጠላዋን እየጎተተች ከመስኮቱ ሥር ደረሰች። ሽማግሌው አንገታቸውን አውጥተው ጠየቋት። አንድ ቃል ብትል፣ ወይም ዝም ብትል እንኳ፣ ልጁ ይቀርላት ነበር።

«ልጇ ነው» አለች። «ወልዳዋለች። ትውሰደው።»

ሁሉም ተቀመጡ። ሽማግሌው ይቅርታ ጠየቁኝ፣ ሹፌሩ ማርሹን ነካ። አሁን ማንም አይከለክለኝም። ምትኬ ግን ሁለት እጁን በመስኮቱ አውጥቶ ወደ ታች ይወረወራል። ያን ለቅሶ አወቅሁት። አረብ አገር፣ ልወጣ ስል በሩ ላይ፣ ሴትዮዋ እናቱ አጥብቃ ይዛው፣ ፋሪስ ያለቀሰብኝ ለቅሶ ነው፤ ያው ትንፋሽ፣ ያው እጅ። እሱ ያለቀሰው ከእናቱ እቅፍ ወደ እኔ ነበር። ያኔ ለራሴ፣ ይረሳኛል ብዬ ነበር። እስካሁን ይርሳኝ አይርሳኝ አላውቅም።

«ያዢው» አልኳት። በብብቱ ይዤ በመስኮቱ አወረድኩት። እናቴ ተቀበለችውና ፊቱን በነጠላዋ ጠረገችው። ለቅሶው እንደተዘጋ ቧንቧ ቀጥ አለ። ቋጠሮውንም ደመላሽ ወረወረላት። አውቶቡሱ ሲሄድ ምትኬ፣ እቴቴ ለሰው ሁሉ እንደምታደርገው፣ እጁን አንስቶ «ደግመሽ ነይ» አለኝ።

የመመለሻው መንገድ ብዙ የሚጻፍ የለውም። አቀስታ፣ ደሴ፣ ከዚያ ቁልቁል ቆላውና ሙቀቱ፣ የመስኮት ጠብ። ሽማግሌው ደሴ እስክንገባ ብርቱካን እየላጡ ሰጡኝ። ደመላሽ እጄ ላይ የጥርሱን ምልክት ያይና ዓይኑን ይመልሳል። ቤታችን ስንገባ የቀለሙ ሽታ ገና አልወጣም። አልጋውን ወደ ጥግ ገፋው፤ እኔ ልብስ አስቀመጥኩበት፣ ሌላ ምን ላድርገው።

እሁድ ደወልኩ። በመጀመሪያው ጥሪ አነሳው፤ ደፍ ላይ ተቀምጦ እንደጠበቀኝ አውቃለሁ። «እማ!» አለ፣ ድምፁ በደስታ የተሞላ ነው። ጥጃው አሁን ከሰማያዊው ሳፋ እንደሚጠጣ ነገረኝ። ብሩሹን እንደያዘ፣ ድንጋዩን ሁሉ እንደቀባ፣ ፀሐይ እንዳደረቀችበት ነገረኝ። ከዚያ ትልቅ ወሬ እንዳለው ሰው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እማ፣ እንግዳዋ ሄደች።»

«የትኛዋ እንግዳ?» አልኩት።

«ፋሪስ የምትለኝ።»